የክልል መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያዎች የዓመት ሥራቸውን እንዴት መዝግበው ያቅርቡ?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በሐዋሳ የሚገኝ እያንዳንዱ የክልል ቢሮ የዓመቱን የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ያጠናቅራል። በዚያ ሪፖርት ውስጥ የአይሲቲ (የመረጃና ግንኙነት ቴክኖሎጂ) የሥራ ክፍል ድርሻ ብዙ ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። የተጠገኑ ኮምፒዩተሮች፣ የተሰጡ ሥልጠናዎችና የተዘረጋው ኬብል ቁጥራቸው ይጠቀስና ሪፖርቱ ወደ ቀጣዩ የሥራ ክፍል ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ ሰርቨር ሲጠብቁ፣ የተዘበራረቀ መረጃ ሲያጠሩ፣ አዲሱን ሲስተም ለሚጠራጠር የሥራ ባልደረባ ደጋግመው ሲያስረዱ የከረሙት ባለሙያዎች ልፋት ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ አይገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነርሱና ለቡድን መሪዎቻቸው ነው። በክልል ቢሮ፣ በከተማ አስተዳደር ወይም በክፍለ ከተማ ደረጃ የሚካሄድ፣ አገልግሎትን በኮምፒዩተር ሲስተም የማዘመን ፕሮጀክት ውጤቱ እንዴት እንደሚለካ፣ በየዕለቱ ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን ምን እንደሠራም በምን አኳኋን እንደሚጻፍ ያሳያል።

አስቀድሞ በአንድ ነገር ላይ መስማማት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር መግዛት፣ ሶፍትዌር መጫንና ሥልጠና መስጠት የሥራው ግብዓቶች ናቸው፤ ውጤቱ የሚታየው ባለጉዳዩ ዘንድ ነው። ባለጉዳዩ ለአንድ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም ለአንድ የልደት ምስክር ወረቀት ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ ስንት መስኮት ዞረ፣ ስንት ወረቀት ኮፒ አስደረገ፣ «ሲስተም የለም» ተብሎስ ስንት ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ? የአይሲቲ ባለሙያ ሥራ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ክብደቱ ይታወቃል፤ በተጠገነ ፕሪንተር ብዛት ሲመዘን ግን ባለሙያው ራሱ ይቀልላል።

ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን መለካት

የብዙ ፕሮጀክቶች ውጤት የማይታወቀው መነሻቸው ስላልተለካ ነው። ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ «አገልግሎቱ ፈጥኗል» ቢባል፣ ከምን ተነሥቶ እንደፈጠነ የሚያሳይ ቁጥር ከሌለ አድማጩ ወይ ዝም ብሎ ይቀበላል ወይ ይጠራጠራል። ስለዚህ የግዥ ጥያቄው ከመጻፉ በፊት ሊዘምን የታሰበው አገልግሎት አሁን ያለበት ሁኔታ ይለካ። ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ለመለካት መነሣት አይመከርም፤ ሥራው ተንዛዝቶ ይቀራል። አንድ አገልግሎት፣ ለምሳሌ በታቦር ወይም በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚሰጥ አንድ የመሬት ነክ አገልግሎት ወይም በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ፋይል የማውጣት ሥራ ተመርጦ በደንብ ቢለካ ይበቃል።

አለካኩ ቀላል ነው። ባለጉዳዩ ሲገባ የገባበት ሰዓት የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በየመስኮቱ የሚያስተናግደው ሠራተኛ ሰዓቱን እየጻፈ ይመልስለታል፤ በመጨረሻው መስኮት ወረቀቱ ይሰበሰባል። በዚያው ቀን ያልጨረሰ ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ይሄድና ሲመለስ ይቀጥልበታል። ሁለት የሥራ ሳምንት ያህል ይህን ማድረግ ለአብዛኛው አገልግሎት በቂ መረጃ ይሰጣል። የሳምንቶቹ ምርጫ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰኔ ወር በጀት መዝጊያ በመሆኑ የፋይናንስና የግዥ መስኮቶች ከወትሮው በላይ ይጨናነቃሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ደግሞ በሐዋሳ የባለጉዳዩ ፍሰት ይለወጣል፤ የበዓሉ ቀን አያንቶ በሚባሉ አዋቂዎች የሰማይ ቆጠራ ስለሚወሰንም በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ አይውልም። አምና በበዓሉ ሰሞን የተለካ አገልግሎት ዘንድሮ በአዘቦት ቀን ከተለካው ጋር ቢነጻጸር የሚገኘው ልዩነት ስለ ሲስተሙ ምንም አይናገርም።

የተሰበሰበው ጊዜ ሲሰላ አማካዩን ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል። ከ10 ባለጉዳዮች 9ኙ ጉዳያቸውን በ1 ቀን ጨርሰው የአንዱ ፋይል ጠፍቶ 91 ቀን ቢቆይ አማካዩ 10 ቀን ይሆናል፤ ይህ ቁጥር የዘጠኙንም የአንዱንም እውነት አይገልጽም። ስለዚህ ጊዜዎቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድረው መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር ይወሰድ፤ ከእርሱም ጋር ከ10 ባለጉዳዮች 9ኙ በስንት ቀን ውስጥ እንደጨረሱ፣ በጣም የዘገየው ጉዳይ ስንት እንደፈጀና ለምን እንደዘገየ ይጻፍ። በእኔ እምነት ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ማዘመን ከማንም በፊት ሊደርስለት የሚገባው ፋይሉ የጠፋበት ሰው ነውና።

ሰዓት ሲመዘገብ የሁለቱ አቆጣጠሮች ጉዳይ አይዘንጋ። በወረቀቱ ላይ ሠራተኛው ከጠዋቱ 2:30 ብሎ የሚጽፈውን ሲስተሙ 8:30 ብሎ ይይዘዋል፤ ሰርቨሩ የሰዓት ክልሉ ሳይስተካከልለት በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 5:30 ይላል። በፊት በወረቀት የተለካውንና በኋላ በሲስተም የተለካውን ለማነጻጸር ሁሉም ወደ አንድ አቆጣጠር መመለስ አለባቸው፤ የትኛው እንደተመረጠም በሪፖርቱ ይገለጽ።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የሲዳማ ክልል ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት በሰኔ 2012 የክልልነት ሥልጣኑን ተረከበ። ከተማዋ ከዚያ በኋላም እስከ 2015 ማብቂያ ድረስ የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታለች። በዚህ ሂደት የዞን መምሪያ የነበረው ቢሮ ሆኗል፤ ፋይሎች ተከፋፍለዋል፤ ሠራተኞች ተዘዋውረዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተያዘን ቁጥር ከአሁኑ ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ባለሙያ መሥሪያ ቤቱ በሁለቱ ዓመታት ስንት መዋቅር ያገለግል እንደነበር አብሮ መጻፍ ይገባዋል። ያለበለዚያ የመዋቅር ለውጥ ያመጣው የቁጥር ለውጥ የሲስተሙ ውጤት መስሎ ይቀርባል።

የዕለት መዝገብ

በሁለተኛ ደረጃ የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚያዝ መዝገብ ነው። የአይሲቲ ባለሙያ ቀኑን የሚያሳልፈው በአብዛኛው ባልተጻፈ ጥያቄ ነው። ኮሪደር ላይ ይያዛል፣ በስልክ ይጠራል፣ ኃላፊ ቢሮ ይገባል፤ ማምሻውን ምን ሠራህ ቢባል የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ጥያቄው በምንም መንገድ ይምጣ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ሳይጻፍለት መሣሪያ አይነካ። መስመሩ የሚይዘው ጥያቄው የመጣበትን ሰዓት፣ የጠየቀውን የሥራ ክፍል፣ ችግሩን በጠያቂው አባባል፣ ምክንያቱ ምን ሆኖ እንደተገኘ፣ ማን እንዳስተካከለውና መቼ እንደተፈታ ነው። ለዚህ ልዩ ሶፍትዌር መጠበቅ አያስፈልግም፤ በጋራ የሚከፈት የኤክሴል ፋይል ይበቃል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን እንዲያገለግል ደብተርም ጎን ለጎን ይቀመጥ።

የምክንያቱ ዓምድ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ባለጉዳይ በመስኮት በኩል የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚል አንድ መልስ ነው፤ ከበስተጀርባው ግን በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ነዳጅ አጥቶ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ቁፋሮ ፋይበር ተቆርጦ፣ የሕንፃው የኔትወርክ ማከፋፈያ (ስዊች) ተቃጥሎ፣ በማዕከል ያለው ሰርቨር ቆሞም ሊሆን ይችላል። ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ሳለ የሠራተኛው ፓስወርድ ጊዜው አልፎበት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እነዚህ በአንድ ስም ከተጠሩ መፍትሔያቸው አይገኝም፤ የአይሲቲ ክፍሉም በማይቆጣጠረው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል። ስድስት ወር በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ አብዛኛው መቋረጥ ከመብራት የመጣ መሆኑን ካሳየ፣ ለቀጣዩ ዓመት ሊጠየቅ የሚገባው በጀት የባትሪና የኢንቨርተር እንጂ የአዲስ ሶፍትዌር አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዞ በጀት ሰሚ ፊት የሚቀርብ ባለሙያ የሚያቀርበው ማስረጃ ስላለው ይደመጣል።

የሲስተም መቆም በመቶኛ ሲገለጽ አካፋዩ ይታወቅ። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። በአንድ ሳምንት ሲስተሙ በሥራ ሰዓት 4 ሰዓት ቆሞ ከሆነ፣ ከ39ኙ 35ቱን ስለሠራ ዝግጁነቱ 90 በመቶ ገደማ ነው። ያው መቋረጥ ቀንና ሌሊቱን ጨምሮ ለ168 ሰዓት ቢካፈል ግን 97.6 በመቶ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ቁጥር ያምራል፤ ነገር ግን ሌሊት በመስኮቱ ፊት የሚቆም ባለጉዳይ የለም። የክልል መሥሪያ ቤት ሪፖርት በሥራ ሰዓት ላይ ይመሥረት። የጤና ተቋምን የመሰለ ሌሊትም የሚያገለግል ተቋም ሲስተም ከሆነ ብቻ ሙሉውን ሰዓት መቁጠር ተገቢ ነው።

መረጃን ከወረቀትና ከአሮጌ ፋይል ማሸጋገር

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በክልል ደረጃ ከሚሠራው የማዘመን ሥራ ሁሉ ከባዱና ከሪፖርት የሚቀረው ነው። አዲስ ሲስተም ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ በውስጡ ያለው መረጃ እንዴት እንደገባና ማን እንዳጠራው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሲስተም ባዶ ሆኖ ቢፈጥን ለማንም አይጠቅምም። በእኔ ግምት የአንድ ክልል የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች በኩራት ሊያስመዘግቡት የሚገባው ትልቁ ሥራ ይህ ስለሆነ በሰፊው እሄድበታለሁ።

የመጀመሪያው ችግር ፊደሉ ራሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ደብዳቤና ዝርዝር የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ይሆናል፤ ወደ ዳታቤዝ ሲገባም ፍለጋም ሆነ የፊደል ተራ አይሠራም። ለፊደሉ ሰንጠረዥ 256 ቦታ ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ፎንቶች ለሁለት ከፍለውታል፤ ያኔ ያው የላቲን ምልክት በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ፊደል ይሆናል። ስለዚህ መለወጫ ፕሮግራም የሚጽፈው ባለሙያ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ፎንት እንደተጻፈም ማንበብ አለበት። ጽሑፉ ቀደም ሲል ያለ ፎንት መረጃ ተገልብጦ ከሆነ ያ ልዩነት ስለጠፋ በዓይን እየታየ ይታረማል። ይህን ሥራ የሠራ ቡድን የለወጠውን የፋይል ብዛት፣ የተጠቀመበትን የመለወጫ ሰንጠረዥና ሳይለወጡ የቀሩትን ፋይሎች ዝርዝር ለይቶ ይመዝግብ፤ ሰንጠረዡ ለሌሎች ቢሮዎችም ስለሚያገለግል ተባዝቶ ሊሰጥ የሚገባው ሀብት ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በአንዱ ፋይል ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ፣ በሦስተኛው ሐይሉ ተብሎ ይገኛል፤ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ ናቸው። ለኮምፒዩተር እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ደግሞ ያው ስም በሁለት ፊደላት ይመጣል። በሲዳሙ አፎ አጻጻፍ የሚረዝም አናባቢና የሚጠብቅ ተነባቢ በድርብ ይጻፋሉ፤ የአማርኛው ፊደል ግን ማጥበቅን አያሳይም፤ በእንግሊዝኛ ልማድ የተሞላ ቅጽም ሁለቱንም ሊተዋቸው ይችላል። ለዚህ የሚረዳው አሠራር እንዲህ ነው። የተጻፈው ስም ሳይነካ እንዳለ ይቀመጣል፤ በጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ተዘጋጅቶ በዚያ ውስጥ ሀ፣ ሐ እና ኀ ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠ ወደ አንድ፣ አ እና ዐ ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ ይመለሳሉ፤ በላቲን የተጻፉት ስሞችም ድርብ ፊደላቸው ወደ ነጠላ ይመለሳል። የባለቤቱን ስም በሲስተም ማረም ግን አይፈቀድ። ስም የሰው ነው፤ በሕጋዊ ሰነድ ላይ የተጻፈው አንድ ፊደል ቢለወጥ ባለጉዳዩ ነገ ፍርድ ቤት ወይም ባንክ ሄዶ የሚቸገረው እርሱ ነው። ሲስተሙ ተመሳሳይ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸው መዝገቦች በራሳቸው እንዲዋሃዱ አይደረግም፤ በሰው ዓይን ታይተው፣ የአባትና የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመንና የቤት ቁጥር ተመሳክሮ ይወሰናሉ። 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) መለያ ቁጥር ላለው ባለጉዳይ ይህ ሥራ ይቀላል፤ የመዝገብ ማጥራት ሥራ ከፋይዳ ምዝገባ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ የምመክረውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀን ነው። ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም 13ኛ ወር ሲገባበት ስሕተት ይላል፤ ጳጉሜን የሚያውቅም ቢሆን በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የሚመጣውን ጳጉሜን 6 ላይቀበል ይችላል። ለምሳሌ 2011 እና 2015 ጳጉሜናቸው 6 ቀን ነበረው፤ 2019ም እንዲሁ ነው። ሲስተም ሲረከቡ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን እና መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገብቶ መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሁለቱ ልዩነት 1 ቀን ሆኖ ካልወጣ ሲስተሙ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ከወረቀት የተገለበጠ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ካልታወቀ ደግሞ በግምት አይለወጥ፤ እንዳልታወቀ ተጽፎ ይቆይ።

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ጥራቱ ይፈተሽ። ከገቡት መዝገቦች 200 ያህሉ በዕጣ ይወጡና መረጃውን ያላስገቡ ሁለት ሰዎች ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩታል። በ6ቱ ላይ ስሕተት ከተገኘ የስሕተቱ መጠን 3 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፤ ስሕተቱን የሚገልጽ ሪፖርት ስሕተት የለብኝም ከሚል ሪፖርት ይበልጥ ይታመናል። በመረጃ ማስገባቱ ሥራ የተሳተፉት ዳታ ኢንኮደሮች በኮንትራት የተቀጠሩ ቢሆኑም ስማቸው በሪፖርቱ ይካተት። ሲስተሙን ሲስተም ያደረገው የእነርሱ ጣት ነውና፣ ኮንትራታቸው ስላለቀ ሥራቸው ስም አልባ ሆኖ መቅረት የለበትም።

የማን ሥራ ነው?

በክልል የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ሲስተሞች በክልሉ የተሠሩ አይደሉም። ለበጀትና ለሒሳብ የሚያገለግለው አይቤክስ፣ ለጤና መረጃ የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ2፣ ለግብር አስተዳደር ያገለገለው ሲግታስ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኩል የመጡ ናቸው፤ የፋይዳ ሥርዓትም የተገነባው ሞሲፕ በተባለው፣ ሶርስ ኮዱ (የፕሮግራሙ መነሻ ጽሑፍ) ለሁሉም ክፍት በሆነ ሥርዓት ላይ ነው። የክልሉ ባለሙያ የሠራው ሲስተሙን መጫን፣ ከቦታው ሁኔታ ጋር ማስማማት፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠን፣ ሲቋረጥ መመለስ ሊሆን ይችላል። ይህ ትልቅ ሥራ ስለሆነ በራሱ ስም ይጠራ። «ሲስተም አለማን» ከማለት ይልቅ «በማዕከል የለማውን ሲስተም በዚህን ያህል ወረዳ ተክለን፣ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ሠራተኞች ያለ እኛ ድጋፍ ሪፖርት እንዲልኩ አድርገናል» ማለት እውነቱን ከመጠበቁም በላይ የክልሉን ባለሙያ ድርሻ በግልጽ ያሳያል። ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ወይም ከግል ድርጅት ጋር በጋራ የተሠራ ከሆነም የእያንዳንዱ ድርሻ ይለይ።

በቡድኑ ውስጥ ያለው ድርሻም እንደዚሁ ይለይ። የሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በየስድስት ወሩ ሲሞላ ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ የመስጠት ልማድ አለ። ይህ ልማድ ቅሬታ ያስቀራል፤ ነገር ግን ሌሊት ሰርቨር የመለሰውንና ያልመለሰውን አንድ ያደርጋል። የዕለት መዝገቡ በደንብ ከተያዘ ቡድን መሪው በግምት መሙላት አያስፈልገውም። የጥሪ ብዛት ብቻውን መለኪያ መሆን ግን አይገባውም። ችግሩ እንዳይመለስ አድርጎ የፈታ ባለሙያ በቀጣዩ ወር የሚጠራው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዛትን ብቻ የሚቆጥር ምዘና ይህን ሰው ሰነፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ያው ችግር በዚያው ቢሮ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደመጣም ይታይ።

አንቀጹን መጻፍ

መረጃው ከተገኘ በኋላ አጻጻፉ ከባድ አይደለም። ሁለት አንቀጾችን ማነጻጸር ይበቃል፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌነት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። በተለመደው መንገድ የሚጻፈው እንዲህ ይላል፦ «በበጀት ዓመቱ 47 ኮምፒዩተሮች ተጠግነዋል፤ ለ120 ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጥቷል፤ የፋይል አስተዳደር ሲስተም ተግባራዊ ተደርጓል።» በዚህ መመሪያ መሠረት የሚጻፈው ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦ «በጥቅምት ወር በመዝገብ ቤት አንድ ፋይል ለማውጣት ግማሹ ባለጉዳይ ከ2 ሰዓት በላይ ይጠብቅ ነበር፤ በግንቦት በተደረገው ተመሳሳይ ልኬት ጊዜው ወደ 15 ደቂቃ ወርዷል። ለዚህ ያበቃው 9,400 ፋይሎች በመለያ ቁጥር መመዝገባቸው ሲሆን ሥራውን የመራችው የዳታቤዝ ባለሙያዋ፣ ያስገቡት ሦስት ዳታ ኢንኮደሮች፣ ያመሳከሩት ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። በዕጣ ከተፈተሹት ፋይሎች በ3 በመቶው ላይ ስሕተት ተገኝቶ ታርሟል። 310 ፋይሎች በቦታቸው አልተገኙም፤ ዝርዝራቸው ለኃላፊው ቀርቧል።» በእውነተኛው ሪፖርት ላይ ከእያንዳንዱ የሥራ መደብ ቀጥሎ የባለሙያው ስም ይገባል።

የባለጉዳዮች ስም ግን በምንም ሁኔታ አይገባም። ለማሳያ ተብሎ የሲስተሙ ገጽ ፎቶ ሲነሣ የሰው ስም፣ ስልክ ወይም የፋይዳ ቁጥር አብሮ እንዳይወጣ ይታይ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ግዴታ ነው፤ ከአዋጁ በፊትም ቢሆን የባለጉዳይን ምስጢር መጠበቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የቆየ ሥርዓት ነበር።

ወጪው ሲገለጽ የመግዣው ዋጋ ብቻ አይበቃም። የፈቃድ እድሳት፣ የኢንተርኔት ክፍያ፣ ቶነር፣ የጀነሬተር ነዳጅና በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ባትሪ ሁሉ ይደመር። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ እንዲሆን የተደረገ አገልግሎት ካለ ደግሞ በሲስተሙ የተመዘገበው ገቢ ከባንኩ መግለጫ ጋር በየወሩ ስለመታረቁ የፋይናንስ ክፍሉ የፈረመበት ማረጋገጫ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ።

ርክክብና ባክአፕ

ፕሮጀክት ተጠናቀቀ ተብሎ የሚጻፈው ሲመረቅ ሳይሆን ካሠራው ድርጅት እጅ ወጥቶ በክልሉ ባለሙያ እጅ ሲሠራ ነው። በርክክቡ ቀን የሲስተሙ ሶርስ ኮድ፣ የዋናው አስተዳዳሪ ፓስወርድ፣ የዳታቤዙ አወቃቀር ሰነድና በሲዳሙ አፎና በአማርኛ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ በእጅ መኖራቸው ይረጋገጥ። ሶርስ ኮዱ በወረቀት ላይ «ተረክበናል» ተብሎ መፈረሙ አይበቃም፤ የክልሉ ባለሙያ ከዚያ ኮድ ተነሥቶ ሲስተሙን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሠርቶ ማሳየት አለበት። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በፊት እንዳይለቀቅ በውሉ ላይ ከመጀመሪያው ቢጻፍ ብዙ ጣጣ ይቀራል። የመረጃ ደኅንነት ፍተሻ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ካደረገለት ውጤቱና የታረሙት ክፍተቶች ብዛት ይጠቀስ፤ የክፍተቶቹ ዝርዝር ግን ለሕዝብ በሚሰራጨው ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ይወሰዳል ብሎ መጻፍም ብዙ አይናገርም። መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ መቀመጡ የታወቀ ደንብ ነው፤ ሦስቱም ቅጂዎች በአንድ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ካሉ አንድ የእሳት አደጋ ሁሉንም ይወስዳቸዋል። ከዚህም በላይ በየሩብ ዓመቱ አንድ ጊዜ ባክአፑ በሌላ መሣሪያ ላይ ተከፍቶ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀና ስንት መዝገብ እንደተመለሰ ተጽፎ፣ የከፈተው ባለሙያ ፈርሞበት ይቀመጥ። በሪፖርቱ የሚገባው ይህ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው።

ሪፖርቱ ተጠናቅቆ ለቢሮ ኃላፊና ለምክር ቤት ሲቀርብ አንድ ገጽ የሆነ አጭር ቅጂው በሁለቱ ቋንቋዎች ባለጉዳይ በሚቆምበት አዳራሽ ከዜጎች ቻርተሩ ጎን ይለጠፍ፤ በቻርተሩ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ጊዜና በልኬቱ የተገኘው ጊዜ ባለጉዳዩ ዘንድ እንዲነጻጸሩ ነው። የዕለት መዝገቡ፣ የልኬት ወረቀቶቹና ስሌት የተሠራበት ፋይል ደግሞ ከሪፖርቱ ጋር በአንድ የፋይል ቁጥር ወደ መዝገብ ቤት ገብተው ይቀመጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን የሚይዘው ባለሙያ ቁጥሮቹን ራሱ ደግሞ ማስላት የሚችለው እነርሱን ሲያገኝ ነው። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምርም የዕለት መዝገቡ በአዲስ ገጽ ይከፈታል፤ ባለፈው ዓመት ያልተፈቱት ጥያቄዎችም በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ይዛወራሉ።